የስቶቩ ሒሳብ

አልጋ ሥር፣ ካርቶን ውስጥ፣ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ የሚኖር ስቶቭ ነበረን። ባለ አንድ ዓይን፣ ገመዱ በፕላስተር የተጠጋገነ፣ ሲግል የተቃጠለ ሽንኩርት የሚሸት። ስድስት ሆነን ሰማንያ ሰማንያ ብር አዋጥተን በ480 ብር ነው የገዛነው። ዶርም ውስጥ ስቶቭ መጠቀም ክልክል መሆኑን ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ ያውቃል። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ ደግሞ የካፌን ወጥ ያውቃል። ስለዚህ በየዶርሙ፣ በየአልጋው ሥር፣ አንድ ካርቶን ነበር። ፕሮክተሯም ታውቅ ነበር መሰለን፤ ለፍተሻ ስትመጣ ኮቴዋን ከሩቅ እያሰማች ነበር የምትመጣው። እግዜር ይስጣት።

ስለዚህ ስቶቭ ስንጽፍ "እኛ" እያልን ነው። ጋዜጠኝነት ያስተማሩን ሰዎች ቢያዩን "እኛ ማለት ማን ነው?" ብለው በቀይ እስክሪብቶ ያሰምሩበት ነበር። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። መጀመሪያ እኛ ማለት ስድስት ሴት ልጆች ነበርን። ኋላ ላይ እኛ ማለት ሦስት ሆነ። ዛሬ የምንጽፈው ሦስቱ ነን፤ ኪቦርዱ ላይ ያለው እጅ የአንዳችን ቢሆንም ሁለቱ ግራና ቀኝ ተቀምጠው "ኧረ እንደሱ አይደለም!" እያሉ ነው።

ስድስታችንን ያገናኘን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚያድር የወሰነው ኮምፒውተር ይሁን የሰለቸው የቢሮ ሠራተኛ አናውቅም፤ እኛን ግን ማንም አልጠየቀንም። የመጀመሪያው ሌሊት ላይ አንዷ ስታለቅስ፣ አንዷ ስትጸልይ፣ አንዷ ሎከሯ ላይ ሁለት ቁልፍ ስትቆልፍ አደረች። በሁለተኛው ሳምንት ግን "የክፍላችን ልጆች" ሆነን ነበር። ፊት ለፊታችን ያሉት ባልዲ እንደሚሰርቁ፣ ሽንት ቤት ውኃ እንደማይደፉ፣ ሌሊት እንደሚንጫጩ በእርግጠኝነት እናወራለን። እኛስ? እኛ ንጹሖች፣ ሥርዓት ያለን፣ ትንሽ ብንስቅ እንኳ በልክ የምንስቅ። ባልዲ ሲሰርቁ ያየ ሰው እንዳለ አንድ ቀን አልተጠያየቅንም። እነሱም ስለኛ ምን ይሉ እንደነበር ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

ከዚያ 2012 ዓ.ም. መጣ። ኅዳር ላይ በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ተገደሉ፣ ወሬው ከግቢ ወደ ግቢ በስልክ ተሻገረ፣ በየቦታው ተማሪ ሻንጣውን እየያዘ ወደመጣበት ተመለሰ። እኛ ግቢ የሞተ ሰው አልነበረም። ግን ማታ ማታ መብራት አጥፍተን ኮሪደር ላይ የሚያልፍ እግር እንቆጥር ነበር። ስልካችን ላይ የሚመጣው ፎቶ የዛሬ ይሁን የዛሬ ዓመት፣ የዚህ አገር ይሁን የሌላ ሳናጣራ (የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነን እኮ!) እንቀባበለው ነበር። አንድ ማታ ከስድስቱ ሦስቱ ፍራሻቸውን ጠቅልለው ሁለት ብሎክ አልፎ ወዳለ ክፍል ሄዱ፤ "ከልጆቻቸው ጋር" ለመሆን። ማንም አላባረራቸውም። አትሂዱ ያላቸውም የለም።

የእነሱንም የእኛንም ብሔር እዚህ አንጽፍም። ውድ አንባቢ፣ "ከልጆቻቸው ጋር" የሚለውን ካነበብክበት፣ ካነበብሽበት ሰዓት ጀምሮ እየገመትክ፣ እየገመትሽ እንደሆነ ይገባናል። እኛም ብንሆን እንገምት ነበር። ግምቱ ሲያልቅ ደግሞ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ያለ ብዙ ድካም ይታወቃል።

ከሳምንት በኋላ የታች አልጋዋ ልጅ ብቻዋን መጣች። ከስድስታችን ሽሮ ያለ ጓል መሥራት የምትችለው እሷ ብቻ ነበረች፤ እኛ ሦስታችን ስቶቩን የምናውቀው እንቁላል ለመቀቀል ነው። በር ላይ ቆማ "ስቶቩን እኛ እንውሰድና 240 ብር እንስጣችሁ" አለች። ግማሽ ማለት ነው፣ ልክ ሦስታችን ያዋጣነው። አይሆንም አልን። ለምን? "የወጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ ስቶቩ የክፍሉ ነው" አልን። "እሺ እናንተ ያዙትና 240ውን ስጡን። ቀስ ብላችሁ፣ እስከ ፋሲካ" አለች። ብር የለንም አልን። "ታዲያ ምን ይሻላል?" ስትል ከመካከላችን አንዷ (ማን እንደሆነች ዛሬም ተስማምተን አናውቅም) "ይሸጥና እንካፈላለን" አለች።

ስቶቩን በቦርሳ ደብቀን፣ ዘበኞቹን በሰላምታ አታልለን፣ ከግቢው በር ወጣ ብሎ ለሚያልፍ ቆራሌው ሸጥነው። በ90 ብር። 50ውን እኛ ወሰድን፣ 40ውን ለእነሱ ላክን። የተሸከምነው እኛ ስለሆንን።

እንግዲህ ሒሳቡን ተመልከቱት። 240 ብር እጃችን ሊገባ ይችል ነበር፤ 50 ብር መረጥን። በ50ው ግን ደስ ብሎን ነበር! ያን ቀን ማታ ላውንጅ ገብተን ስፕሪስ ጠጥተንበታል። ከእነሱ በአሥር ብር በልጠናል።

ይህን ታሪክ ለዓመታት ለማንም አልነገርንም፤ የሚነገርም አልመሰለንም። አምና ግን ሦስታችን ለአንድ ጽሑፍ ስናነብ ስለ ሄንሪ ታይፌል ደረሰን። ስሙን እናውቀው ነበር ብንል አልዋሸንም፤ አንድ ኮርስ ላይ በአንድ ስላይድ አልፎ፣ ለፈተና ሸምድደነው፣ ከፈተናው አዳራሽ ስንወጣ ረስተነዋል። በዚህኛው ጊዜ ቁጥሮቹን ስናይ ነው አንዷ "ስቶቩ!" ብላ የጮኸችው።

ታይፌል በእንግሊዝ ብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ሙከራ እንዲህ ነው። መጀመሪያ 64 ወንድ ልጆች ከአንድ ትምህርት ቤት ወሰደ፤ ዕድሜያቸው 14 እና 15፣ እርስ በርስ የሚተዋወቁ። ስክሪን ላይ ብልጭ ብለው የሚጠፉ ነጥቦችን ስንት እንደሆኑ እንዲገምቱ አደረገ። ከዚያ "አንተ አብዝተው ከሚገምቱት ነህ፣ አንተ አሳንሰው ከሚገምቱት ነህ" ተብለው ተከፈሉ። በሁለተኛው ሙከራ ደግሞ ሌሎች 48 ልጆች የሁለት ሠዓሊዎችን፣ የክሌንና የካንዲንስኪን ሥዕሎች ስም ሳይነገራቸው አይተው የወደዱትን መረጡ፤ "አንተ የክሌ ወገን፣ አንተ የካንዲንስኪ ወገን" ተባሉ። ቀልዱ እዚህ ላይ ነው፤ ክፍፍሉ ከግምታቸውም ከምርጫቸውም ጋር አይገናኝም። ዝም ብሎ በዕጣ የተደረገ ነው። የዶርም ዝርዝር በሉት።

ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ይቀመጥና ለሌሎች ሁለት ልጆች ሳንቲም ያከፋፍላል። የሚያከፍላቸውን ልጆች ስም አያውቅም፤ የሚያውቀው የኮድ ቁጥራቸውንና ወገናቸውን ብቻ ነው። ለራሱ መስጠት አይችልም። ወገኑ አሸነፈ አላሸነፈ እሱ የሚያገኘው ጥቅም የለም። ጠላትነት የለ፣ ቂም የለ፣ ታሪክ የለ፣ መሬት የለ። ታይፌል ይህን ሁሉ ያራቆተው ሆን ብሎ ነው፤ አድልዎ ከማይኖርበት ባዶ ቦታ ተነስቶ፣ አንድ አንድ ነገር እየጨመረ፣ አድልዎ የት ላይ እንደሚጀምር ለማየት። ባዶው ቦታ ላይ ጀመረ።

ካሉት የምርጫ ሠንጠረዦች አንዱ ይኸውላችሁ። በአንደኛው ጫፍ ለወገንህ 19 ነጥብ ስትሰጥ ሌላው 25 ያገኛል። መሀል ላይ 13 ለ13 ነው። በሌላኛው ጫፍ ለወገንህ 7 ብቻ ትሰጣለህ፤ ሌላው ግን 1 ነው የሚያገኘው። ወገኑን የሚወድ ልጅ ምን ያደርጋል? 19ኙን ያነሳል ትላላችሁ፤ ወገኑ ከፍተኛውን የሚያገኘው እዚያ ስለሆነ። ልጆቹ ግን ወደዚህኛው አዘነበሉ፤ 12 ለኛ 11 ለነሱ ዓይነት ምርጫ። ወገናቸው ቢያንስም ይነስ፣ ብቻ ሌላው አይብለጥ። እርግጥ ፍትሐዊነትም አልጠፋም ነበር፤ ብዙዎቹ ወደ እኩልነቱም ይጎተቱ ነበር። ግን ከማግኘት ይልቅ መብለጥ ጣማቸው። ማይክል ቢሊግ ከሚባል ባልደረባው ጋር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 ሰበቡን ጭራሽ አስወግደው፣ ሥዕልም ነጥብም ሳይሉ፣ ዕጣ መሆኑን በግልጽ ነግረው ሞከሩት። ያም ሠራ።

240 ትቶ 50 መውሰድ ምን ማለት እንደሆነ አሁን ይገባችኋል።

ታይፌል ይህን ጥያቄ ከየት አመጣው? ከመጽሐፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1919 ፖላንድ ውስጥ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። በአገሩ አይሁዳዊ ዩኒቨርሲቲ መግባት ስለሚከብደው ፈረንሳይ ሄዶ ኬሚስትሪ ይማር ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ለፈረንሳይ ጦር ዘመተና በ1940 በጀርመኖች ተማረከ። በምርኮ አምስት ዓመት ቆየ። አይሁዳዊነቱን አልደበቀም፤ የደበቀው ፖላንዳዊነቱን ነው። ፈረንሳዊ አይሁድ ምርኮኛ ሆኖ ከተመዘገበ የመትረፍ ዕድል ነበረው፤ ፖላንዳዊ መሆኑ ቢታወቅ ግን ጠባቂው ወታደር የቱንም ያህል ወዳጁ ቢሆን፣ ሲጋራ አብሮት ቢያጨስ፣ የሚሆነው አንድ ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ፊት፣ አንድ ጠባይ፤ በመዝገብ ላይ የተጻፈው አንድ ቃል ብቻ ነው የሚለያየው። ሲፈታ የቅርብ ቤተሰቦቹ አልቀው ደረሰ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ወላጅ አልባ ከሆኑ ሕፃናትና ከስደተኞች ጋር ሲሠራ ቆይቶ ነው እንግሊዝ አገር ገብቶ፣ ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ሥነ ልቦና መማር የጀመረው።

ስለዚህ ሰው ማንነት "በደም ውስጥ ነው" ወይም "ተራ ወሬ ነው" ከሚሉት ከሁለቱም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 ከጆን ተርነር ጋር በጻፈው ላይ ያለው ሐሳብ፣ በኛ አነጋገር፣ እንዲህ ነው፤ ሰው ስለራሱ ያለው ግምት ከፊሉ የሚመጣው ከሚገባበት ቡድን ነው። ቡድኑ ከፍ ሲል እሱም ከፍ ይላል። ቡድን ደግሞ ከፍ ማለቱ የሚታወቀው ከሌላ ቡድን ጎን ሲቆም ነው። የሸገር ደርቢ ቀን ስታዲየም የገባ ሰው ይህን ለመረዳት ፕሮፌሰር አያስፈልገውም። ከመካከላችን የአንዷ ሁለት ወንድሞች አንዱ ጊዮርጊስ አንዱ ቡና ናቸው፤ አንድ አልጋ ላይ ያደጉ፣ አንድ ሱሪ የተፈራረቁ። የራሱ ክለብ ካሸነፈበት ቀን ይልቅ የሌላው ክለብ በሌላ ቡድን የተሸነፈበትን ቀን የበለጠ የሚያከብረው የትኛው እንደሆነ ብትጠይቁን፣ ሁለቱም።

ከዚህ ቀደም ያደረገው አንድ ትንሽ ሙከራ ደግሞ አለ፤ እኛ ከሁሉ አብልጠን የወደድነው። እ.ኤ.አ. 1963፣ ስምንት መስመሮች። ሰዎች ርዝመታቸውን በዓይን እንዲገምቱ ተደረገ። አራቱ አጫጭር ላይ "ኤ"፣ አራቱ ረዣዥም ላይ "ቢ" ተብሎ ሲጻፍ፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ልዩነት በሰዎች ዓይን ካለው በላይ ሰፋ። መስመሮቹ ያው ናቸው። ፊደል ነው የተጨመረው።

ይህን ስናነብ የመጀመሪያውን የቀበሌ መታወቂያችንን አስታወስን። ብሔር የሚል መስመር ነበረው። ከመካከላችን የአንዷ እናትና አባት ከሁለት ወገን ናቸው፤ መስኮቱ ላይ የነበረው ሰውዬ "የአባትሽን ልጻፈው?" አላት። እሷ ገና ሳትመልስ ጽፎ ጨረሰ። በ18 ዓመቷ "ኤ" ሆነች። በዚያች ደቂቃ ምንም አልተሰማትም፤ የተሰማት ዶርሙ ለሁለት ሲከፈል ነው። ምክንያቱም ከሄዱት ጋር መሄድ ትችል ነበር፤ የእናቷ ወገን እነሱ ናቸው። አልሄደችም። እንደውም (ይህን እሷ ራሷ ነች ጻፉት ያለችን) "ይሸጥ" ያልኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም ትላለች። ከሁለት ወገን የሆነ ሰው ከሁሉ ይልቅ ጠንካራ ወገንተኛ መሆን እንዳለበት ይሰማዋል፤ እንዳይጠረጠር። ይህን የሚለካ ሠንጠረዥ አላገኘንም፤ ከእሷ ነው የሰማነው።

ግን ታይፌልን ጻድቅ አድርገን አንተወው። እ.ኤ.አ. በ2019 የአውሮፓ ማኅበራዊ ሥነ ልቦና ማኅበር በስሙ ይሰጥ የነበረውን ሜዳልያ ስም ለመቀየር ወሰነ፤ በሴቶች ላይ ይፈጽመው እንደነበር በተነገረ ወሲባዊ ትንኮሳ ምክንያት። ሰውየው የሞተው በ1982 ነው፤ የተጎዱት ሴቶች ታሪክ አደባባይ ለመውጣት ይህን ያህል ዓመት ፈጀ። ስለ የበላይነትና ስለ መገለል ያን ያህል ያሰበ ሰው! ሦስታችን በዚህ ላይ አንድ ማታ ሙሉ ተጨቃጨቅን። አንዷ ጽሑፉን እንተወው አለች። ሁለታችን ሙከራው የሱ ብቻ አይደለም፣ ሌሎችም ደጋግመው ያገኙት ነው አልን። ተስማምተናል ማለት አይቻልም፤ ይጻፍ፣ ይህም አብሮ ይጻፍ ተባብለን ነው ያለፍነው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ጋዜጠኛ ሙከራ ሲያይ "ያልተነገረን ምን አለ?" ማለት አለበት። ከታይፌል በፊት ሙዛፈር ሸሪፍ የሚባል ቱርክ ተወላጅ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 ኦክላሆማ ውስጥ 22 ልጆችን ካምፕ ወስዶ ለሁለት ከፍሎ አጣልቷቸው፣ ከዚያ የጋራ ችግር ሰጥቶ (የተዘጋ የውኃ ቧንቧ፣ በገመድ የሚጎተት መኪና) አስታርቋቸዋል። በየመማሪያ መጽሐፉ አለ። ከአንድ ዓመት በፊት ኒውዮርክ ውስጥ የሞከረው ግን ተጨናግፎበት ነበር። ልጆቹ ከመከፈላቸው በፊት ተዋውቀው ስለነበር ተመራማሪዎቹ የቱንም ያህል ቢቆሰቁሱ ሊጣሉ አልቻሉም፤ እንደውም የሚያቆስላቸው አዋቂው እንደሆነ ጠረጠሩ። ያ ሙከራ ተቋረጠ። የተቋረጠው ለኛ ከተሳካው ይበልጥብናል። እነዚያ ልጆች ያደረጉትን እኛ አላደረግንም። እኛም እኮ ከመከፈላችን በፊት ተዋውቀን ነበር! አንድ ዓመት ሙሉ ከአንድ ድስት በልተናል። ከኛ መካከል "ማነው የሚያጣላን?" ብሎ የጠየቀ የለም።

ከታይፌል በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ደግሞ አንድ የሚያጽናና ነገር አግኝተዋል። ሰው ጥቅም ሲያከፋፍል ለወገኑ ያደላል፤ ቅጣት አከፋፍል ሲባል ግን፣ በዚያው በባዶ ክፍፍል፣ እጁ ያመነታል። ወገንን መውደድ ሌላውን ከመጥላት ጋር አንድ አይደለም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ፍርሃት ያስፈልጋል፣ ወሬ ያስፈልጋል፣ የሚገፋ ሰው ያስፈልጋል። እኛ የታች አልጋዋን ልጅ ጠልተናት አናውቅም። አንድም ክፉ ቃል አልወጣንም። 240 ብሯን ብቻ ነው እምቢ ያልነው።

መጋቢት ላይ ኮሮና መጥቶ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉና ሁላችንም ወደየቤታችን ሄድን። ስንመለስ ዶርም እንደገና ተደለደለ፣ ሌላ ዝርዝር፣ ሌላ ሰሌዳ። የታች አልጋዋን ልጅ ካፌ ሰልፍ ላይ እናያት ነበር። በጭንቅላት ሰላም እንባባላለን። ተመረቅን።

ባለፈው ወር ይህን ጽሑፍ ስንጀምር ስልኳን ከአንድ የክፍል ልጅ ፈልገን አገኘን። ቴሌግራም ላይ ምን ብለን እንደምንጽፍላት ሁለት ቀን ተከራከርን። "ይቅርታ" ብሎ መጀመር ከበደን፤ ከስንት ዓመት በኋላ ለስቶቭ ይቅርታ ማለት ያስቃል አልን። መጨረሻ ላይ እንዲህ ጻፍን፤ "ሰላም ነሽ? እኛ ነን፣ የድሮ ዶርምሽ ልጆች። ስለዚያ ስቶቭ አንድ ነገር እየጻፍን ነው። ቆራሌው ስንት እንደሰጠን ታስታውሻለሽ? 90 ብር ነበር አይደል? 50 እኛ፣ 40 እናንተ?"

ለሦስት ቀን አልመለሰችም። በአራተኛው ቀን ማታ መጣ።

"ሰላም ነኝ፣ እንዴት ናችሁ? 100 ነው የሸጣችሁት። ለእኛ በ80 ተሸጠ ብላችሁ 40 ሰጣችሁን። በማግሥቱ ቆራሌውን ጠይቄው ነበር። ደግሞ ስቶቩ ምንም አልሆነም ነበር እኮ፣ ገመዱን መቀየር ብቻ ነበር።"

ደጋግመን አነበብነው። ከዚያ ለየብቻችን፣ ሳንነጋገር፣ የምናስታውሰውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፍን። ሦስታችንም 90 ነው የጻፍነው።